ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ኩላሊቴ ደክሟል፤ ወባ ቢይዘኝስ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ54 ዓመት ሰው ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ስኳርና የደም ግፊት ስላለብኝ ኢንሱሊንና ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። የኩላሊትን ሥራ በሚያሳየው የደም ምርመራ ክሬቲኒኔ 2.4 ሆኖ በመገኘቱ ኩላሊትህ ደክሟል ተብያለሁ። በጥቅምት ወር ለቤተሰብ ጉዳይ አርባ ምንጭ ወርጄ ጥቂት ሳምንታት እቆያለሁ። ወባ ቢይዘኝ ኩላሊቴን ይጎዳዋል? የወባ መድኃኒት ለኩላሊት ከባድ ነው ስለሚባልስ መውሰድ ይኖርብኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልን። ከመንገድዎ በፊት መጠየቅዎ መልካም ነው፤ ጥቅምት ከክረምቱ ዝናብ በኋላ ወባ የሚበረታበት ወቅት ነውና።

አዎን፣ ወባ ኩላሊትን ይጎዳል። በአገራችን በብዛት ከሚታዩት ሁለት የወባ ዓይነቶች ፋልሲፓረም የተባለው በዚህ ረገድ የከፋ ነው፤ ቫይቫክስም ቢሆን አልፎ አልፎ ኩላሊትን ማጥቃቱ አይቀርም። የወባው ተሕዋስ የገባባቸው ቀይ የደም ሴሎች በጥቃቅን የደም ሥሮች ግድግዳ ላይ እየተጣበቁ የደሙን ዝውውር ያውካሉ፤ ሴሎቹ ሲፈርሱ የሚለቁት ሄሞግሎቢን የኩላሊትን ቱቦዎች ይጎዳል፤ በዚህ ላይ ላብና ትውከት የሰውነትን ፈሳሽ ስለሚጨርሱት ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ደም ያንሳል። ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው በጊዜ ከታከመ አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ያገግማል። የእርስዎ ኩላሊት ግን በእድሜዎና በክሬቲኒንዎ ሲሰላ ደምን የማጣራት አቅሙ በደቂቃ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ስለሆነ የተረፈው መጠባበቂያ ጥቂት ነው፤ በወባ ምክንያት ያጣው አቅምም ሙሉ በሙሉ ላይመለስለት ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ብዙ የኩላሊት ታማሚዎች መድኃኒቱን ፈርተው ያቋርጡታል ወይም በግማሽ ይወስዱታልና። ወባ መሆኑ በምርመራ ከተረጋገጠ ኩላሊትዎን አብልጦ የሚጎዳው ሳይታከሙ መቆየትዎ ነው። ኮአርተም የተባለው የሚዋጥ የወባ መድኃኒት ለደከመ ኩላሊት ተብሎ መጠኑ አይቀነስም፤ ስድስቱንም ጊዜ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ጥቂት ቅባት ካለው ምግብ ጋር መውሰድ ይገባል። ሕመሙ ከብዶ በደም ሥር የሚሰጠው አርቴሱኔትም ቢሆን በኩላሊት ምክንያት አይቀነስም። ለቫይቫክስ ፕሪማኩዊን ከመጀመርዎ በፊት ግን የጂ ስድስት ፒዲ ምርመራ እንዲደረግልዎ ይጠይቁ፤ ይህ ኢንዛይም በሚያንሰው ሰው ላይ መድኃኒቱ ደምን አፍርሶ ሽንትን ሊያጠቁርና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል።

እኔ ከወባው መድኃኒት ይልቅ የምፈራው አብሮት የሚሰጠውን ማስታገሻ ነው። ትኩሳትና ቁርጥማት የጠናበት ሰው ወደ ክሊኒክ ወይም ወደ መድኃኒት ቤት ሲሄድ ብዙ ጊዜ ዳይክሎፌናክ ይወጋል፣ አለዚያም አይቡፕሮፌን ይገዛል፤ ሁለቱም ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ስለሚቀንሱ ለእርስዎ አይሆኑም። በተገቢው መጠን የሚወሰድ ፓራሲታሞል ይበቃዎታል። መርፌው ሳይቀርብ በፊት «የኩላሊት ሕመም አለብኝ» ማለትን አይርሱ።

ትውከት ወይም ተቅማጥ ከበረታብዎ ኢናላፕሪሉን ለጊዜው ማቆም ሊያስፈልግ ስለሚችል ለሐኪምዎ ወዲያው ይደውሉ። ኢንሱሊኑንም በተመለከተ ወባ ራሱ የደም ስኳርን ሊያወርድ ይችላል፤ የምግብ ፍላጎት ሲጠፋም ስኳር ይወርዳል፤ ኩላሊት ሲደክም ደግሞ ኢንሱሊን በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ስኳርዎን በቀን ደጋግመው ይለኩ፤ ኢንሱሊኑን ግን በራስዎ ውሳኔ ጨርሰው አይተዉት። ፈሳሽ በብዛት ይጠጡ የሚለው የተለመደ ምክርም ለእርስዎ በልክ ነው፤ የሽንትዎ መጠን ቀንሶ ሳለ በግሉኮስ ላይ ግሉኮስ ቢጨመር ፈሳሹ ሳንባ ውስጥ ሊጠራቀም ይችላል።

ከመነሳትዎ በፊት ስለ መከላከያ መድኃኒት ሐኪምዎን ያማክሩ። ማላሮን የማጣራት አቅማቸው ከ30 በታች ለሆነ ሰዎች ለመከላከያነት አይሰጥም፤ እርስዎ አፋፉ ላይ ስለሆኑ እኔ አልመርጥልዎትም፤ ዶክሲሳይክሊን ይሻላል። የትኛውንም ቢወስዱ ግን በአጎበር ውስጥ መተኛት አይቀርም።

የቅርብ ጊዜ የክሬቲኒን ውጤትዎን ወረቀት ይዘው ይሂዱ። የዓለም ጤና ድርጅት የክሬቲኒን ከ3 ማለፍን ከከባድ ወባ መለያዎች አንዱ ስለሚያደርገው፣ መነሻዎ 2.4 መሆኑን ያላወቀ ሐኪም ውጤቱን በትክክል ለመመዘን ይቸገራል። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ከወትሮው የተለየ ድካም ሲሰማዎ በዚያው ዕለት ደምዎን ያስመርምሩ፤ የኩላሊት ታማሚ ትኩሳቱ ላይጎላ፣ ማቅለሽለሹና ድካሙም ከነባሩ ሕመም ጋር ሊምታታ ይችላልና። ሽንትዎ ከቀነሰ ወይም ከጠቆረ፣ ትንፋሽ ካጠረዎ ወይም መድኃኒቱን እያስመለሱ ማስቀረት ካቃተዎ ግን ከክሊኒክ አልፈው ሆስፒታል ይግቡ። ወባ ይዞዎ ከዳኑ ደግሞ ክሬቲኒንዎን በሳምንት ውስጥ፣ ከዚያም በሦስተኛው ወር ደግመው ያስለኩ።