ስለ አሩሻው ፍርድ ቤት ጠይቁኝ፦ ሥልጣንና ተቀባይነት

ታንዛኒያ፣ አሩሻ ስላለው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤት ነው። ሥልጣን (ፍርድ ቤቱ ክሱን ሊያይ ይችላል ወይ) ሌላ፣ ተቀባይነት (ክሱ ራሱ ቅድመ ሁኔታዎቹን አሟልቷል ወይ) ሌላ፤ አታደባልቁብኝ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።

ሰላም፦ ጋሼ፣ ኢትዮጵያን እዚያ መክሰስ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ፍርድ ቤቱን ያቋቋመውን ስምምነት፣ ፕሮቶኮሉን፣ ፈረመች እንጂ አላጸደቀችም። ያጸደቀ አገር እንኳ በአንቀጽ 34(6) «ግለሰብ ይክሰሰኝ» የሚል መግለጫ ካላስገባ በሩ ዝግ ነው። የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያ ፍርድ ራሱ፣ በ2009፣ በሴኔጋል ላይ የቀረበውን ክስ በዚሁ ምክንያት ነው የዘጋው። መጀመሪያ መግለጫውን እዩ!

ብርሃኑ፦ ታዲያ ለእኛ ምን ቀረን?

መልስ፦ ባንጁል፣ ጋምቢያ ያለው የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን። እሱ መግለጫ አይጠይቅም።

ሄለን፦ ሩዋንዳ መግለጫዋን ስታነሳ (ስትሰርዝ) በእሷ ላይ የተጀመረው ክስ ተቋረጠ?

ዳዊት፦ ተቋርጧል።

ሄለን፦ ኧረ በ2017 ተፈርዷል!

ዳዊት፦ ማን ፈጸመው ታዲያ? ወረቀት ነው።

መልስ፦ አፈጻጸም ሌላ ቀን። ፍርድ ቤቱ በ2016 ያለው ግልጽ ነው፦ መነሳቱ የሚጸናው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፣ በእጁ ያለውን ክስም አይነካም።

ዮናስ፦ «የአገር ውስጥ መፍትሔ ማሟጠጥ» እስከ የት ነው?

መልስ፦ እንዲህ ጠይቁኝ እንጂ! ማሟጠጥ ማለት መጀመሪያ በአገር ቤት ፍርድ ቤቶች ያለውን መንገድ እስከ መጨረሻው መሄድ ነው። መንግሥታት ሁሉ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ የሚያነሱት ይህችኑ ነው። ታንዛኒያ በውንብድና 30 ዓመት የተፈረደበት እስረኛ ሲከሳት «የይግባኝ ፍርድ ቤቱን ውሳኔ እንደገና ይታይልኝ አላለም፣ የሕገ መንግሥት አቤቱታም አላቀረበም» ብላ ተከራከረች። ፍርድ ቤቱ በ2015 ሁለቱም ልዩ፣ ከተለመደው መንገድ ውጭ የሆኑ መፍትሔዎች ናቸው፣ የመጨረሻው የይግባኝ እርከን ላይ መድረሱ ይበቃዋል አለ። መንገዱ ያለቅጥ ከተጎተተም ማሟጠጥ ይቀራል። ጋዜጠኛ ኖርበርት ዞንጎ በ1998 ተገድሎ ምርመራው ስምንት ዓመት ያህል ፈጀ፤ ቡርኪና ፋሶ «ሰበር አልጠየቁም» ብትልም አልተሰማችም። ግን «ፍርድ ቤቶቻችንን አላምንም» ማለት ብቻ አያዋጣም፤ ሞክሮ ማሳየት ነው።

ሰላም፦ ከዚያ በኋላ ክስ ማቅረቢያው ጊዜ ስድስት ወር ነው አይደል?

መልስ፦ እሱ የስትራስቡርጉ፣ የአውሮፓው የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት፣ ደንብ ነው፣ እዚያም ከ2022 ወዲህ አራት ሆኗል። አሩሻ ላይ ቁጥር የለም፤ «ምክንያታዊ ጊዜ» ነው። እስረኛና ጠበቃ የሌለው ሰው ሲዘገይ ይታገሡታል። አንተ ጠበቃ ይዘህ አትዘግይ።

ብርሃኑ፦ የእኔ ጉዳይ ተቀባይነት ያገኛል?

መልስ፦ የትኛው ጉዳይ? በማን ላይ?

ብርሃኑ፦ በኬንያ ላይ። አጽድቃለች እኮ።

መልስ፦ አጽድቃለች። መግለጫውስ? ኦጊኮች፣ የኬንያ ነባር ሕዝብ፣ በ2017 የረቷት ጉዳያቸውን ኮሚሽኑ ስላቀረበላቸው ነው።