ለንስሐ አባት የሚወጣው ድምፅ

«የ44 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ሴትና ወንድ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ታናሹ ወንዱ ነው። እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ ሰውም ‹ጨዋ ናት› ይለኛል። ችግሬ ቤት ውስጥ ነው። ከ16 ዓመቷ ልጄ ጋር ሳልጮህ መነጋገር አልቻልኩም። ባለፈው ሳምንት ሽሮ ጥጄ ‹እያማሰልሽ ጠብቂልኝ› ብላት ስልኳ ላይ አፍጥጣ አሳረረችው። ‹ድሮም ለምንም አትሆኚም! ወልደሽ እይው!› እያልኩ ስጮህ የእኔ ስልክ ጠራ። የንስሐ አባቴ ነበሩ። ‹እንደምን ዋሉ አባቴ፣ ይፍቱኝ› ብዬ ቀስ ብዬ አናገርኳቸው። ስዘጋው ልጄ ‹እማ፣ በዚህ ድምፅሽ እኔንም አናግሪኝ› አለችኝና ክፍሏ ገባች። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። አንዳንዴ ደግሞ ስጸልይ እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ‹አምላኬ ለዚህች ልጅ ልቦና ስጣት› እላለሁ። ባለቤቴ ‹አፏ እንጂ ልቧ ደግ ነው› ይላታል። እናቴም እንዲሁ ነበረች። እኔ ግን እውነቱን ነው የምናገረው፤ ዝም ካልኳት ትበላሻለች። ይህ ኃጢአት ነው ወይስ በሽታ?»

ውድ እህቴ፣

ከደብዳቤዎ ደጋግሜ ያነበብኩት የስልኩን ነገር ነው። ቁጣዎ ጫፍ ደርሶ ነበር። ስልኩ ጠራ። በሰከንዶች ውስጥ ድምፅዎ ወረደ፣ ቃል መረጡ፣ «ይፍቱኝ» አሉ። እኔ ዘንድ የሚመጣ ብዙ ሰው «ተፈጥሮዬ ነው፣ ስናደድ ራሴን አላውቅም» ይለኛል። እርስዎ ግን ራስዎን ያውቃሉ። ፍሬኑ ይሠራል። ቤት ሲሆን ነው የማይረግጡት።

ይህን የምለው ልወቅስዎ ብዬ አይደለም። ለእኔ ተስፋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ለስላሳ ድምፅ ከየት ላምጣ ብለው የሚጨነቁ ሰው አይደሉም፤ አለዎት።

ታዲያ ቤት ሲደርስ ለምን ይጠፋል? ንስሐ አባትዎ ላይ ቢጮሁ የሚከተለውን ያውቁታል። ልጅ ግን የትም አትሄድም። የታክሲው ሰልፍ፣ የገበያው ዋጋ፣ የሥራው ድካም፣ ሁሉም የሚራገፈው የማይሸሽ ሰው ላይ ነው። ከእናትዎ የወረሱትም አለ። ወጥ አሠራር ስንማር አብረን የቁጣ አወጣጥም እንማራለን፤ ማንም «ላስተምርሽ» ሳይለን። በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን የዋለ ሰው ትዕግሥቱ ሊያጥር ይችላል። ጾሙን ያላሉ አላልኩም። በጾመ ድጓው ቅዱስ ያሬድ ዓይንም አንደበትም ይጹም ያለውን ከእኔ ይልቅ እርስዎ በዜማው ያውቁታል። እኔ የምለው፣ ከባድ ንግግር ካለ እህል ከቀመሱ በኋላ ይሁን።

አሁን ወደ «እውነቱን ነው የምናገረው» ልምጣ። እዚህ ላይ አልስማማም። «ሽሮው አሯል» እውነት ነው። «ስልክሽን እያየሽ ረሳሽው» እሱም እውነት ነው። «ድሮም ለምንም አትሆኚም» ግን እውነት አይደለም። ይህች ልጅ አንድ ቀን ወንድሟን አላጠበችም? ቡና አላፈላችም? ክፍሏን አላለፈችም? እንግዲህ ስንቆጣ እውነት የበዛልን ይመስለናል እንጂ የምናጋንነው ያኔ ነው። «ምን ጊዜም»፣ «ድሮም»፣ «በጭራሽ» የሚሉት ቃላት ከአፍዎ ሲወጡ ከሰሙ፣ ከእውነቱ መስመር ወጥተዋል ማለት ነው። ኤፌሶን 4፥15 እውነትንና ፍቅርን አንድ ላይ የጠራቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

«ዝም ካልኳት ትበላሻለች» ላሉት፣ ዝም ይበሉ ያለ የለም። እዚያው መልእክት ምዕራፍ 6፥4 ላይ ልጆችን በምክርና በተግሣጽ አሳድጉ እንጂ አታስቆጧቸው ይላል። ተግሣጹ አለ። ማስቆጣቱ ነው የተከለከለው። ስለዚህ «ወጥ ጠብቂ ስልሽ ስልክሽ ሳሎን ይቀመጣል» ይበሉ፤ ይጽኑበትም። ሕጉ ጠንካራ ይሁን፣ ድምፁ ዝቅ ይበል።

ባለቤትዎ «ልቧ ደግ ነው» ማለታቸው ከፍቅር ነው። ግን ልጅዎ ልብዎን አታየውም፤ አፍዎን ነው የምትሰማው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ። ጌታም አፍ የሚናገረው በልብ ሞልቶ የተረፈውን ነው ብሏል፤ ማቴዎስ 12፥34። ይህን ጥቅስ ግን ባለቤትዎ ላይ ዛሬ ማታ እንዳይወረውሩት አደራ!

ከጩኸቱ በላይ ያሳሰበኝ ጸሎቱ ነው። «አምላኬ ልቦና ስጣት» ሲሉ የሚያናግሩት እግዚአብሔርን ነው ወይስ ከግድግዳው ወዲያ ያለችውን ልጅ? በጸሎት የተጠቀለለ ስድብ ይከብዳል፤ መልስ የለውምና። በእናቷ ላይ ብትመልስ ባለጌ ትባላለች፣ ጸሎት ላይ ብትመልስ ደግሞ ከሃዲ። እንዲህ ያደጉ ሰዎች ትልቅ ሰው ሆነው እኔ ዘንድ ሲመጡ የእግዚአብሔር ስም በተጠራ ቁጥር ትከሻቸው ይሸማቀቃል። ስለ ልጅዎ ይጸልዩ፤ ግን እሷ በማትሰማበት። ስትሰማ ከሆነ ደግሞ ስላላት ነገር ያመስግኑ። ያዕቆብ ምዕራፍ 3 ላይ ከአንድ አፍ በረከትና መርገም ይወጣሉ ብሎ የገረመው ይኸው ነው።

አሁን ኩሽና እንግባ። ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመው ጥናት አለ። 124 አዲስ ተጋቢ ጥንዶች ሲከራከሩ ተቀረጹ። የክርክሩ የመጀመሪያ 3 ደቂቃ ብቻ ታይቶ የትኞቹ ወደ ፍቺ እንደሚያመሩ መገመት ተቻለ። ጥናቱ በባልና ሚስት ላይ ነው፤ እናትና ልጅ ላይም ግን አጀማመሩ ፍጻሜውን ሲወስን በየሳምንቱ አያለሁ። በጩኸት የተጀመረ ነገር ለስልሶ ሲያልቅ ብርቅ ነው።

ስለዚህ አጀማመሩን እንያዝ። ሽሮው ሲያር መጀመሪያ እሳቱን ያጥፉ። (ይስቁ ይሆናል፤ ግን ብዙዎቻችን ድስቱ እያረረ ነው የምንጮኸው።) ከዚያ ከኩሽና ሆነው ወደ መኝታ ቤት አይጣሩ። በቤታችን ያለው ጩኸት ግማሹ ከርቀት የመጣ ነው፤ እንድትሰማ ድምፅ ይነሣል፣ ድምፅ ሲነሣ ቁጣውም ይከተለዋል። ሄደው አጠገቧ ይቁሙ። ልብዎ በኃይል እየመታ ከሆነ «ቆይተን እናወራለን» ብለው ይውጡ። ሰውነት ከተቀጣጠለ እስኪበርድ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ በዚያ መሀል የልጅቷን ጥፋት እየቆጠሩ ከሆነ ግን አይበርድም። ሽንኩርት ይላጡ፣ ልብስ ያጥፉ።

ኃጢአት ነው ወይ ላሉት፣ ያ የንስሐ አባትዎ ሥራ ነው፤ አልቀማቸውም። በሽታ ነው ለማለት ደግሞ ከጻፉልኝ ውስጥ ምንም አላየሁም። እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከዘለቀ፣ ወይም እጅዎ አፍዎን መከተል ከጀመረ፣ ወይም ልጅዎ ምግብና ጓደኛ ከተወች፣ ባለሙያ ያነጋግሩ።

የቀረው ይቅርታው ነው። «እናት ልጇን ይቅርታ ትጠይቃለች እንዴ፣ ንቀት አይሆንም?» እንደሚሉ እገምታለሁ። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ካህናት ጎንበስ ብለው የምእመናንን እግር ሲያጥቡ አይተዋል። በዚያ የተነሣ ካህን የናቀ ሰው አውቃለሁ? አላውቅም። እንዲህ ይበሏት፦ «ያን ቀን ሰደብኩሽ። ለምንም አትሆኚም ያልኩሽ ልክ አልነበረም። ይቅርታ አድርጊልኝ።» እዚህ ላይ ያቁሙ። «ግን አንቺም...» የምትለዋ ቃል ምላስዎ ጫፍ ላይ ትመጣለች፤ ይዋጧት። የሽሮው ጉዳይ ለሌላ ቀን ይደር። ልጅቷ «እሺ» ብላ ስልኳን ማየቷን ልትቀጥል ትችላለች። ይተዉአት፤ ሰምታለች።

እስከ ትንሣኤ አያቆዩት። ራት ላይ፣ ባለቤትዎና ታናሽ ወንድሟ እያዩም አይሁን። ዛሬ ማታ ክፍሏ ይሂዱ፣ በሩን አንኳኩተው ይግቡ፣ የራስዎን ስልክ ድምፁን አጥፍተው ኩሽና ይተዉት።