«ጨጓራ አለብኝ» ማለት ያስቃል እንዴ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከባሕር ዳር፣ ከሽምብጥ ነው። ባለፈው ሰሞን ቃር እንቅልፍ ነሳኝና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ሲለኝ «ጨጓራ አለብኝ» አልኩት። ልጅ እግር ነው፤ ሳቀና «እትዬ፣ ጨጓራ የሌለው ሰው አለ እንዴ?» አለኝ። በሩ ክፍት ነበር፤ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ አብሮ ሳቀ። እውነት አነጋገሬ ስህተት ነው? ደግሞ የልጄ ደብተር «ሥርዓተ ልመት» ይላል። እኛ ቤት «ምግብ መፈጨት» ነው የምንለው። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ እግዜር ይማርዎት፣ እትዬ። አነጋገርዎ ምንም ስህተት የለበትም። ልጁ ሕክምናውን ተምሮ ይሆናል፤ አንዲቷን «ብ» ግን አልሰማትም።

«ጨጓራ አለኝ» ብለውት ቢሆን ኖሮ ሳቁ በተገባው። «አለኝ» ንብረት ነው። ቤት አለኝ፣ ልጅ አለኝ፣ ጨጓራ አለኝ። «አለብኝ» ግን ሸክም ነው። ዕዳ አለብኝ። ፈተና አለብኝ። እንግዳ አለብኝ፣ ቶሎ ልሂድ። ያቺ «ብ» ስትገባ ነገሩ ከእጅ ወጥቶ ጫንቃ ላይ ይቀመጣል። ሐምሌ ላይ ገበሬው «ዘነበልን» ይላል፤ ከባጃጅ ወርዶ ቤቱ እስኪገባ የበሰበሰው የከተማ ሰው «ዘነበብኝ» ይላል። ዝናቡ ያው አንድ ዝናብ ነው።

ስለዚህ «ጨጓራ አለብኝ» ያለ ሰው ጨጓራ የሚባል አካል እንዳለው እየተናገረ አይደለም። አካሉ ሸክም ሆነብኝ ማለቱ ነው። ቶንሲልም እንዲሁ ነው። «ልጁ ቶንሲል አለበት» ስንል ጉሮሮው አብጧል ማለታችን እንጂ ሌሎቹ ልጆች ቶንሲል የላቸውም ማለታችን አይደለም። «ሳይነስ አለብኝ»ም፣ «ኩላሊት አለበት»ም በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው። ሁሉም አካል ግን ይህን አይፈቅድም። «ምላስ አለብኝ» የሚል ሰው አልገጠመኝም። «ልብ አለብኝ»ም ለጆሮዬ አይጥመኝም፤ «የልብ ሕመም አለብኝ» ይሻላል። ጨጓራ ግን ስሙ ራሱ የሕመም ስም ሆኖ አርፏል።

የሐኪሙ ጥያቄ ራሱ መልስ አለው እኮ። ጨጓራ የሌለው ሰው አለ። በካንሰር ምክንያት ጨጓራቸው በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰዎች አሉ። ጉሮሮን ከሆድ የሚያገናኘው ቱቦ በቀጥታ ከአንጀት ጋር ይሰፋላቸዋል። ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ እየበሉ ይኖራሉ።

ከሰው ወጥተን ካየን ደግሞ ጨጓራ የሌለው ፍጡር እዚሁ ጣና ውስጥ ሞልቷል። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሰሞን ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ ልገዛ ወደ ሐይቁ ዳር ወርጄ ነበር። አንድ ወጣት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ያጸዳል። ፔሊካኖቹ ከበውት እጅ እጁን ያያሉ። መጀመሪያ ቀረሶ ከፈተ። አንጀቱ እንደ ተጠቀለለ ክር ነው፤ ቢዘረጋ ከዓሣው ቁመት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ቀረሶ ዋና ምግቡ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ስለሆነ ረጅም አንጀት ያስፈልገዋል። ቀጥሎ አምባዛ ከፈተ። የእሱ ጨጓራ ከረጢት መስሎ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ውስጡ ያልተፈጨ ትንሽ ዓሣ ነበረበት። ከዚያ ነጭ ዓሣ መጣ። ከአፍ እስከ መጨረሻው አንድ ቱቦ፣ በቃ። የነጭ ዓሣ ዘር በሙሉ ጨጓራ የለውም። እኔ ይህን በንባብ አውቀው ነበር እንጂ በዓይኔ አላየሁም ነበርና «ጨጓራው የታለ?» አልኩት።

«ይሄ ጨጓራ የለበትም፣ ጋሼ» አለኝ፣ ቢላውን እያጠበ።

ሳቄ መጣ። «የለውም» አላለም፣ «የለበትም» አለ። ልክ ነው። የወጣቱ «የለበትም» ግን የእርስዎ «አለብኝ» ዘመድ ይሁን እንጂ ትርጉሙ ሌላ ነው። «ወጡ ጨው የለበትም» እንደምንለው ዓይነት ነው፤ ውስጡ አይገኝም ማለት ነው። አንዷ «ብ» ለወጥ ሲሆን ቦታ ታሳያለች፣ ለሰው ሲሆን ሸክም ትጭናለች። ዓሣው ያን ሰዓት ወደ ወጡ ተጠግቶ ነበር መሰል።

ሐኪሙን ሊያስቸግረው የሚችለው ሌላ ቃል ነው፤ «ልብ»። ብዙ ሰው ከደረቱ በታች፣ ከእንብርቱ በላይ ሲያመው «ልቤን አቃጠለኝ» ይላል። የሚያቃጥለው ከጨጓራ ሽቅብ የወጣ አሲድ ነው። ከጉሮሮ እስከ ጨጓራ ያለው ቱቦ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በልብ በስተጀርባ አልፎ ይወርዳል። አሲዱ እሱን ሲነካው ደረት ውስጥ ይሰማል፤ ቃር ማለት ይኸው ነው። ሰዉ «ልቤ» ቢል አይፈረድበትም። ግን ቃር የሚመስል እውነተኛ የልብ ሕመምም ስላለ እዚህ ላይ ቃሉ ብቻውን አይበቃም። እጅዎን የሚያምዎት ቦታ ላይ ያሳርፉና ይናገሩ።

የቀረው የሆድ ቋንቋችን ግሩም ነው። ሰዋስዉን ልብ ብለውት ያውቃሉ? ራበኝ፣ ጠማኝ፣ አመመኝ፣ ቆረጠኝ፣ ነፋኝ፣ አቅለሸለሸኝ። ማን ነው የቆረጠዎት? ማን ነው የነፋዎት? አድራጊው አይታወቅም። ሆድ ላይ ሲደርስ ሰውየው ባለጉዳይ መሆኑ ይቀርና የሚደረግበት ይሆናል። «አስመለሰኝ» ሲሉ የገባው በመጣበት ተመለሰ ማለት ነው፤ ይህም ያለ ፈቃድዎ። «አስቀመጠኝ» ደግሞ የጨዋ ሰው ቃል ነው። የት እንዳስቀመጠው አይናገርም፣ ሰሚው ይገባዋል። «ተቅማጥ» ራሱ የ«ተቀመጠ» ዘመድ ነው፤ አሁን ግን ከመለመዱ የተነሳ ጨዋነቱ ተሟጦበታል። ምግብ ላይ ሆኖ አይጠራም።

አንድ ነገር ልጨምር። «ጨጓራዬን አትላጠው» እንላለን፣ ለሚያናድደን ሰው። ከሕመሙ ጋር በጣም የተቀራረበ አነጋገር ነው። የጨጓራ ውስጠኛ ግድግዳ በዝልግልግ ፈሳሽ ተሸፍኖ ራሱን ከራሱ አሲድ ይጠብቃል። ሽፋኑ ሲሳሳ ቁስለት ይመጣል፤ መላጥ ነው በቃ። ላጩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው አይደለም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1982 ሁለት የአውስትራሊያ ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ ኤች ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ለይተው አወጡ። የሚያምናቸው ቢጠፋ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣውና ጨጓራው ታመመ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ወሰዱ። ሌላው ላጭ ደግሞ አንዳንድ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ነው፤ በተለይ ሲደጋገም። ስለዚህ አማትዎን ወይም አለቃዎን ከመውቀስዎ በፊት ምርመራው ይቅደም።

ወደ ልጅዎ ደብተር ልምጣ። «መፍጨት»ም «ልመት»ም ልክ ናቸው፤ ምንጫቸውም አንድ ነው፤ ወፍጮ። እናቶቻችን እህል መጀመሪያ ይሸረክቱታል፣ ከዚያ ይፈጩታል፣ መጨረሻ ላይ ዱቄቱን በጣታቸው አሸት አድርገው «ላመ» ይላሉ። «የላመ የጣመ» የምንለው ከዚያ ነው። መፍጨት ሥራው ነው፣ መላም ውጤቱ ነው። ሆድም እንዲሁ ይሠራል። ጥርስ ይሸረክታል። ጨጓራ እየተጨማደደ ይፈጫል፤ 1 ሊትር ተኩል ያህል ይይዛል፣ አሲዱንም ያፈሳል። የሚያልመው ግን በዋናነት ትንሹ አንጀት ነው። እዚያ ድንጋይና መጅ የለም። ከጉበት ሐሞት ይመጣል፣ ከቆሽት ምግብ የሚያደቅ ኢንዛይም ይመጣል፤ እንጀራው ወደ ደም እስኪገባ ድረስ ይደቃል። «መፈጨት» ይህንን የኬሚስትሪውን ክፍል አያሳይም። ለዚህ ነው መጽሐፉ «ልመት»ን የመረጠው፤ እኔም መልካም ምርጫ ይመስለኛል። ለፈተና ልጅዎ «ሥርዓተ ልመት» ይጻፍ። ማዕድ ላይ ግን «ምግቡ አልላመልኝም» እንዲል አያስገድዱት። «አልተፈጨልኝም» ይበል።

መጽሐፎቹ የማይዋጥልኝ ስያሜ ቢኖር «ትንሹ አንጀት»ና «ትልቁ አንጀት» ነው። ትንሹ 6 ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ትልቁ 1 ሜትር ተኩል። ልጆች ይደናገራሉ፤ እኔም ተደናግሬያለሁ። ስሙ የተሰጠው በስፋቱ እንጂ በርዝመቱ አይደለም። «ቀጭኑ» እና «ወፍራሙ» ቢባል አንድም ልጅ አይሳሳትም ነበር። ለወፍራሙማ «ደንዳኔ» የሚል ቃል አለን፤ መደንደንን ያስታውሳል፤ ቢሠራበት ምን ነበረበት?

የሆድ ዕቃ ስሞቻችንን በአብዛኛው የምናውቃቸው ከእርድ ነው። በግ ሲታረድ ያደገ ልጅ ጉበቱን፣ ጨጓራውን፣ ጣፊያውን ለይቶ ያውቃል። ዱለት ይወዳልና። ችግሩ የበሬን ሁሉ ሰው ውስጥ መፈለግ ላይ ነው። በሬ የሚያመሰኳ ስለሆነ ሆዱ 4 ክፍል አለው፤ ያ ቅጠል በቅጠል የሆነው፣ ሲያጥቡት የሚያሰለቸው ሽንፍላ አንዱ ነው። ሰው ሽንፍላ የለውም። ጣፊያም ሆድ ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥም ምግብ በማላም ሥራ የለበትም፤ ጉዳዩ ከደም ጋር ነው። ከእሱ ጋር እየተምታታ የሚቸገረው ቆሽት ነው። ቆሽት ከጨጓራ ኋላ የተጋደመ፣ ከስንዝር ያነሰ አካል ነው። «ቆሽቴ አረረ» ሲሉ የሚውሉ ሰዎች እንኳ የት እንዳለ ሲጠየቁ ጎናቸውን ይደባብሳሉ። ሁለት ሥራ አለው፤ ኢንዛይሙን ወደ አንጀት ይልካል፣ ኢንሱሊን ደግሞ ወደ ደም። ኢንሱሊኑ ሲያንስ ወይም ሰውነት አልቀበል ሲለው ስኳር ደም ውስጥ ይከማቻል።

ያን ቅዳሜ ዓሣዬን ይዤ ስመለስ ሐይቁ ዳር አንዲት ጀበና የጣደች ልጅ ዘንድ ጎራ አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ሻይ አምጪልኝ፤ ስኳር አለብኝ» አሏት። ሻዩ ያለ ስኳር መጣ። ልጅቷ «ስኳር ካለዎትማ ለኔም ያበድሩኝ» አላለቻቸውም።