የኢዮብ ሚስትም ልጆቿን አጥታ ነበር

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን አምስት ዓመታችን ነው። ሁለታችንም በቤተ ክርስቲያን ያደግን ነን። ከሰባት ወር በፊት ባለቤቴ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች የፅንሱ ልብ መምታት አቆመና ሞቶ ተወለደ። እኔ ‹እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ› ብዬ ተቀብዬዋለሁ፤ ጽናት ሰጥቶኝ አንድም ቀን አላለቀስኩም። እሷ ግን መጸለይ አቁማለች። ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አንድ ሌሊት ‹እግዚአብሔር ያን ቀን የት ነበር?› አለችኝ። ደንግጬ ‹እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳትናገሪ› ብዬ ተቆጣኋት። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አንስታብኝ አታውቅም። ሐዘኗ እንዳይቀሰቀስባት ብዬ ገና ሐኪም ቤት ሳለች የሕፃን ዕቃውን በሙሉ ለሰው ሰጥቼዋለሁ። ሌላ ልጅ እንውለድ ብላትም መልስ የላትም። እኔም አሁን አሁን ሥራ ቦታ አመሻለሁ። በእግዚአብሔር ላይ የነበራትን እምነት እንዴት ልመልስላት?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንደ ታናሽ ወንድሜ ቆጥሬ «አንተ» ብዬህ ልጻፍልህ። ከሁሉ በፊት ልጃችሁን በማጣታችሁ አዝኛለሁ። ይህን የምለው ለሁለታችሁም ነው።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። የጠየቅኸኝ ስለ ባለቤትህ እምነት ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን ያልጻፍከው ነገር ነው። ልጁ ወንድ ይሁን ሴት አልነገርከኝም። ስም አስባችሁለት እንደነበር፣ ፊቱን አይተህ፣ አቅፈኸው እንደሆነ አላወቅሁም። «ልጄ» የሚል ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የለም። ባለቤትህ ምን እንዳቆመችና ምን እንደተናገረች በዝርዝር ነግረኸኛል፤ ስምንት ወር ሙሉ አባት ለመሆን ሲጠባበቅ የኖረው ሰው ምን እንደሆነ ግን ከደብዳቤው አላገኘሁም። ስለዚህ መልሴ ካሰብከው ወጣ ሊል ነው፤ ታግሠህ አንብበኝ።

ከጠቀስከው ቃል ልጀምር። ኢዮብ በአንድ ቀን ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆቹን አጣ። «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሣ» ከማለቱ በፊት ምን እንዳደረገ ከዚያው ምዕራፍ አንድ ቁጥር ከፍ ብለህ ተመልከት። ተነሣ፣ መጎናጸፊያውን ቀደደ፣ ራሱን ተላጨ፣ በምድር ላይ ወደቀ። ቃሉ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ የወጣውም ልጆቹን ካጣው ሰው ከራሱ አፍ ነው። ማንም መጥቶ አላለውም። ደግሞም የመጨረሻ ቃሉ አልነበረም። በሦስተኛው ምዕራፍ ይኸው ሰው የተወለደበትን ቀን ይረግማል። ከዚያም በኋላ ምዕራፍ ከምዕራፍ እየተሻገረ ይከራከራል፣ ይጠይቃል፣ እግዚአብሔርን ፊት ለፊት ላነጋግረው ይላል።

ወዳጆቹ ሲመጡ መጀመሪያ ያደረጉት ደግ ነበር። ሕመሙ እጅግ እንደበረታ አይተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ ከእሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። ችግሩ የመጣው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እግዚአብሔር ያለ ምክንያት አያደርግም፣ ተቀበል፣ አትጠይቅ አሉት። ከተናገሩት ብዙው ለብቻው ሲነበብ እውነት ይመስላል። በመጨረሻ ግን እግዚአብሔር የተቆጣው ለእሱ ጠበቃ ሆነው በቆሙት ላይ ነው፤ እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ያ ሲጮኽና ሲሟገት የነበረው ሰው ቅን ተናጋሪ ተባለ። ከዚህ ቦታ በደረስኩ ቁጥር ቆም እላለሁ። በእግዚአብሔር መታመን ማለት አለመጠየቅ ቢሆን ኖሮ ይህ መጽሐፍ ፍጻሜው ሌላ በሆነ ነበር።

አንድ ሰው ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ተዘንግቷል፤ የኢዮብ ሚስት። በስብከትም በወሬም ስትነሣ «እግዚአብሔርን ስደብና ሙት» ባለችው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የሞቱት አሥሩ ልጆች ግን የእሷም ነበሩ፤ አርግዛ፣ አምጣ የወለደቻቸው። ሰብዓ ሊቃናት የተረጎሙት የግሪክኛው መጽሐፍ ንግግሯን ረዘም አድርጎ ያቀርበዋል። በዚያ ላይ ስለ ወንዶችና ሴቶች ልጆቿ፣ በከንቱ ስለቀረው የማሕፀኗ ምጥና ሕመም ትናገራለች። ለኢዮብ ሦስት ወዳጆች ከሩቅ አገር መጡለት። ከእሷ ጋር መሬት ላይ የተቀመጠ ሰው ስለመኖሩ ግን አንድም ቦታ አልተጻፈም።

ወንድሜ፣ ባለቤትህ ያለችው እዚያ ይመስለኛል። «እግዚአብሔር ነሣ» የሚለውን ቃል አንተ ስለ ራስህ ስትለው ጸሎት ነው፤ ማንም ሊነቅፍህ አይችልም። እሷ ገና ስታለቅስ አንተ ስትላት ግን ያው ቃል ፊቷ ላይ የሚዘጋ በር ይሆናል። ለአንዱ መጽናኛ የሆነ ቃል በሌላው ላይ ዝም ማሰኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ያደረግኸው በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የፈራህ ይመስለኛል። እሷ «የት ነበር?» ስትል አንተም ውስጥ ያው ጥያቄ ተቀምጦ እንደሆነስ? ቁጣህ ያን ያህል የበረታው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ተሳስቼ ይሆናል፤ አስብበት ግን።

በሰውነቷ ላይ ምን እንደደረሰም ልንገርህ፤ ባሎች ብዙ ጊዜ ይህን የሚነግራቸው የለም። ሕፃኑ ሞቶ ቢወለድም የእናቲቱ አካል እንደ ማንኛዋም አራስ ነው። የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ጡቷ ወተት ይሞላል። የሚጠባ የለም፣ ወተቱ ግን ይመጣል፤ ልብሷን ያርሳል፣ ያማታል። ባለቤትህ ከሐኪም ቤት ስትመለስ በዚህ ሁኔታ ላይ ሳትሆን አትቀርም። ቤት ስትገባ ደግሞ የሕፃኑ ዕቃ የለም። ያደረግኸው አስበህላት ነው። ለእሷ ግን ያ ልጅ በእጇ የምትዳስሰው ብዙ ነገር አልነበረውም፤ የነበረውም ሳትሰናበተው፣ ሳትጠየቅ ሄደ። እኔ ብሆን ከደብዳቤህ ሁሉ ይቅርታ ለመጠየቅ የምቸኩለው ለዚህ ነው፤ ከቁጣህም በላይ።

በዓለም ላይ በየዓመቱ 2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት ከ28ኛው የእርግዝና ሳምንት ወዲህ ሞተው ይወለዳሉ። ምክንያቱ ተመርምሮም የማይገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ምክንያት በሌለበት ደግሞ እናት ራሷን ትከስሳለች። ያን ዕቃ ባላነሣ ኖሮ፣ ያን ሌሊት ቶሎ ሐኪም ቤት ብሄድ ኖሮ እያለች ትብሰለሰላለች። እንዲህ ባለ ሐሳብ ውስጥ ላለች ሴት «እግዚአብሔር የወሰደው በምክንያት ነው» ሲባል «የወሰደው በእኔ ጥፋት ነው» ተብሎ ሊሰማት ይችላል። ፊቷን ወደ ግድግዳ ያዞረችው ከእግዚአብሔር ነው ወይስ ከዚህ ክስ? ከደብዳቤህ ተነሥቼ መለየት አልችልም፤ አንተም ሳትጠይቃት አታውቀውም።

ኬኔት ዶካ የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ሰዎች እንደ ሐዘን ስለማይቆጥሩት ሐዘን ጽፏል። ሰው የሚያውቀው ፊት፣ የሚያወራው ትዝታ ስለሌለ «ገና ናችሁ፣ ሌላ ትወልዳላችሁ» ተብሎ የሚታለፍ ሐዘን አለ። ሞቶ የተወለደ ሕፃን ሐዘን ከእነዚህ አንዱ ነው። የአባቱ ሐዘን ደግሞ ከእናቲቱም የባሰ ይዘነጋል። ሰው ሁሉ አንተን ያገኘህ «እሷ እንዴት ናት?» እያለ አይደለም? አንተ እንዴት ነህ ብሎ የጠየቀህ ስንት ሰው ነው?

ስለዚህ አለማልቀስህን ጽናት ብዬ ላመሰግንልህ አልችልም። ማንም እንደየተፈጥሮው ያዝናል፤ እንባ የሌለው ሐዘንም አለ፣ ይህን አልክድም። ግን ሥራ ቦታ የምታመሸው ለምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2003 ኤሚሊ በትለርና ባልደረቦቿ የማይተዋወቁ ሴቶችን ጥንድ ጥንድ አድርገው የሚያሳዝን ፊልም ካሳዩ በኋላ እንዲወያዩበት አደረጉ። ከአንዳንዶቹ ጥንዶች አንዷ ስሜቷን እንድትደብቅ በምስጢር ተነግሯት ነበር። የደም ግፊት ጭማሪው በደበቀችው ብቻ አልቀረም፤ ምንም ባልተነገራት በሌላይቱም ላይ ታየ። ያ በአንድ ቀን በተገናኙ እንግዶች መካከል ነው። በአንድ አልጋ የሚያድር ሰውማ ያልተነገረውን አብልጦ ይሰማዋል። አንተ ጸንተህ ስትቆም ባለቤትህ የምታየው ጽናትን ላይሆን ይችላል፤ ልጇን ብቻዋን እንደምታለቅስ ነው የምታየው።

«እግዚአብሔር የት ነበር?» ስላለችህም አትደንግጥ። ማርታም ማርያምም ወንድማቸው አልዓዛር ሲሞት ለኢየሱስ ያሉት ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ አንተ እዚህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተ ነበር አሉት። አልገሠጻቸውም። እንደሚያስነሣው እያወቀ እንኳ ከማርያም ጋር አለቀሰ። ባለቤትህ እግዚአብሔርን ከነጭራሹ ትታው ቢሆን የት እንደነበር ለመጠየቅም ግድ አይሰጣትም ነበር። ያን ሌሊት የሰማኸው፣ በእኔ ግምት፣ ከሰባት ወር ወዲህ የጸለየችው እውነተኛ ጸሎት ነው። አሁን ዝም ያለችው ጥያቄው ስላለቀላት ሳይሆን የምትጠይቅበት ቦታ ስላጣች ይመስለኛል።

ምን ታድርግ? ብዙ የምመክርህ የለኝም። ወደ እሷ ተጠግተህ ስለ ዕቃው ሳትጠይቃት በመስጠትህ፣ ያን ሌሊትም በመቆጣትህ ይቅርታ ጠይቃት፤ «እኔ ግን እንዲህ ያልኩት» ብለህ ምክንያት አትከተልበት። ስም አስባችሁለት ከነበረ በስሙ ጥራው። የምትመልስላት ነገር ከሌለህ «እኔም አላውቅም» በላት፤ ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም። ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ማለቱን ለጊዜው ተወው፤ ብቻህን ሂድ፣ ስለ እሷም ጸልይ፣ እንደጸለይክላት ግን አትቁጠርባት። የሌላ ልጅ ነገርም ይቆይ፤ የሚመጣው ልጅ የሄደውን አይተካም፣ እንዲተካ መጠበቁም ለሚመጣው ሸክም ነው። መጀመሪያ ብትቆጣህ፣ ወይም ምንም ባትመልስልህ አትሸሽ። የሰባት ወር ዝምታ በአንድ ምሽት አይፈታም።

እንቅልፍ ካጣች፣ ምግብ ከዘጋች፣ ከአልጋ መነሣት ካቃታት ወይም መኖር ሰልችቶኛል የሚል ነገር ከተናገረች ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ውሰዳት፤ እንዲህ ካለ ጉዳት በኋላ እናቶች ለድባቴ በጣም ይጋለጣሉ፣ በሕክምናም ይረዳሉ። ከዚህ ውጭም ቢሆን በአካል የሚያያችሁ የሥነ ልቦና አማካሪ ብታገኙ እመርጣለሁ፤ የአንድ ወገን ደብዳቤ አንብቤ የማውቀው ጥቂት ነው። የሚሰማ እንጂ የሚገሥጽ ያልሆነ አባት ወይም አገልጋይ ካላችሁም ጎን ለጎን ይሂድ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ባለቤትህ እምቢ ካለች አትጎትታት፤ አንተ ቀድመህ ብቻህን ሂድ። አማካሪው ፊት ስትቀመጥም ስለ እምነቷ ከማውራትህ በፊት ስለ ልጅህ ንገረው።