ሐረጎን በየቀኑ የምትወጣዋ ልጅ

ልጆቼ፣ ደሴ ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ጸጉሬን ያሸበትኩ ጡረተኛ ነኝ። ቶፖሎጂን፣ ማለትም ቅርጾች ሲለጠጡና ሲጣመሙ የማይለወጥ ጠባያቸውን የሚመረምረውን የሒሳብ ዘርፍ፣ ለማጥናት ለምታስቡት፣ ካፈርኩበት ቀን ልጀምርላችሁ።

ስለ ቋጠሮ፣ ማለትም ተቋጥሮ ጫፍና ጫፉ ስለተገጠመ ክር፣ ላስተምር አንድ የወረቀት ጥብጣብ ሦስት ጊዜ በግማሽ ዙር ጠምዝዤ ጫፍና ጫፉን አጣበቅሁ። ጠርዙን በጣታችሁ ብትከተሉት ሦስት መሻገሪያ (ክሩ በራሱ ላይ የሚያልፍበት ቦታ) ያለው ቋጠሮ ታገኛላችሁ። «ዛይፈርት ያለው፣ ጠርዙ ቋጠሮ የሆነ ባለ ሁለት ፊት ገጽ ይኸው ነው» አልኩ፣ ኮራ ብዬ። ከኮምቦልቻ የምትመላለስ አንዲት ተማሪ ተቀብላኝ መሐል ለመሐል በእስክሪብቶ ታሰምር ጀመር። እጇን ሳታነሳ መስመሩ ሁለቱንም በኩል ዞሮ ከተነሳበት ገጠመ። «መምህር፣ ይኼ እኮ ያለው አንድ ፊት ብቻ ነው።» በኮምቦልቻና በደሴ መሐል ያለውን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በየቀኑ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ጠመዝማዛ አያታልለውም መሰለኝ። እኔ ግን «ለዛሬ ይበቃል» ብዬ ወጣሁ። እንዲህ አታድርጉ።

ሌሊቱን ካርቶን ስቆርጥ አመሸሁ። የሒሳብ ሊቁ ኸርበርት ዛይፈርት በ1934 እ.ኤ.አ. ያሳየው ዘዴ ሁለት ፊት ያለው ገጽ ነው የሚሰጠው። ለክሩ አቅጣጫ ትሰጡታላችሁ፤ በየመሻገሪያው ቆርጣችሁ፣ አቅጣጫውን ሳትለቁ መልሳችሁ ስትቀጥሉት ክቦች ይወጣሉ። ለእኔ ቋጠሮ የወጡት 2 ናቸው። እንደ ተደራረበ እንጀራ አስቀመጥኳቸውና ዳርና ዳራቸውን ወደ አንድ ወገን በግማሽ ዙር በተጠመዘዙ ሦስት ወረቀቶች አያያዝኩ። አንዱን ፊት ቀይ፣ ሌላውን ሰማያዊ ቀባሁ፤ ቀለሞቹ የትም አልተገናኙም። ከ3 መሻገሪያ 2 ክብ ቀንሱ፣ 1 ደምሩ፣ ለሁለት አካፍሉ፤ 1 ይሆናል። ገጹ እንደ ጀበና አንድ እጀታ አለው ማለት ነው።

ከዚያ ያነሰ እጀታ ያለው ገጽ ይኖር ይሆን? ካርቶኑ ይህን አይመልስም። የሒሳብ ሊቁ አሌክሳንደር በ1928 እ.ኤ.አ. ያቀረበው፣ ከየቋጠሮው የሚሰላ ፖሊኖሚያል ግን ይመልሳል። የዚህ ቋጠሮ አባዢዎች 1፣ −1፣ 1 ናቸው፤ ዲግሪው 2። ዲግሪው ከእጀታዎቹ እጥፍ ፈጽሞ ስለማይበልጥ፣ ቢያንስ አንድ እጀታ የግድ ነው። ስሌቱ ከታች፣ ካርቶኑ ከላይ ሆነው ቁጥሩን መሐል ላይ ያዙት። በማግስቱ ለልጅቷ ይህን ሳሳያት ፈገግ አለች።

ፖሊኖሚያሉንም ቢሆን አትመኑት። ሁለት ቋጠሮዎች የተለያየ ፖሊኖሚያል ካላቸው በእርግጥ ይለያያሉ፤ ተመሳሳይ ከሆነ ግን ገና ምንም አልታወቀም። የኪኖሺታና ቴራሳካ ባለ 11 መሻገሪያ ቋጠሮ የአሌክሳንደር ፖሊኖሚያሉ 1 ነው፣ እንዳልተቋጠረ ክብ፤ ሆኖም አይፈታም። የእኔን ቋጠሮ ከመስታወት ምስሉ የአሌክሳንደር ፖሊኖሚያል አይለየውም፤ የሒሳብ ሊቁ ቮን ጆንስ በ1984 እ.ኤ.አ. ያገኘው ፖሊኖሚያል ግን ይለየዋል።

አሁን ባለ 4 መሻገሪያውን ቋጠሮ ራሳችሁ ሥሩት። 3 ክብ ሊወጣችሁ ይገባል። 2 ከሆነባችሁ አብሽሩ፤ አንድ መሻገሪያ ላይ ክሩን ካቅጣጫው ውጪ ቀጥላችሁታል።