«ባንኩን ነው ያገባሽው» አለኝ

ጥያቄ፦ የ33 ዓመት ሴት፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ እሠራለሁ። ቤት የምገባው ማታ 2 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላም ማናጀራችን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ይጽፋል፤ እሁድም አይቀርም። ማን እንዳነበበ ስለሚታይ ዝም ማለት ይከብደኛል። ድሮ ሥራዬን እወደው ነበር። አሁን ደንበኛ ፊቴ ሲቆም ያናድደኛል። አንዱን ቼክ ሦስቴ አገላብጬ አያለሁ። ቤት ስገባ በሆነው ባልሆነው ልጆቼ ላይ እጮኻለሁ። ባለቤቴ «ባንኩን ነው ያገባሽው» ካለኝ ወዲህ ተኳርፈናል። ማናጀሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ እናቴ ታማ በነበረ ጊዜ ፈቃድ የሰጠኝ እሱ ነው። እንዴት እምቢ ልበለው? ወይስ ሥራውን ልልቀቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ መልቀቂያውን ለጊዜው አቆዪው። ሰው እንዲህ በዛለ ሰዓት የወሰነውን ብዙ ጊዜ ይጸጸትበታል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው ይህን ችግር፣ ማለትም በሥራ መዛልን (በእንግሊዝኛ «በርንአውት»)፣ በሽታ አላለውም። መላ ሳይበጅለት ከቆየ የሥራ ውጥረት የሚመጣ ነው ይለዋል። መገለጫዎቹ ሦስት ናቸው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው ልብ መራቅ፣ «ምንም አልረባም» የሚል ስሜት። ደብዳቤሽ ውስጥ ሦስቱም አሉ። ቼኩን ደጋግመሽ ማገላበጥሽን እንደ ስንፍና አትቁጠሪው።

ጩኸቱም ከዚያው የመጣ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ለማናጀሩም ለደንበኛውም «እሺ» ስትዪ ትውያለሽ። ማታ ታዲያ ንዴቱ የሚያርፈው ከሥራ ሊያባርሩሽ በማይችሉ ሰዎች ላይ ነው። ጮኸሽባቸው ከሆነ ልጆችሽን ይቅርታ ጠይቂያቸው። «ደክሞኝ ነው፣ እናንተ አላጠፋችሁም» ብትያቸው ይገባቸዋል።

ስለ ማናጀሩ። ይሉኝታ ይዞሻል፤ ደግ ስለዋለልሽ አልፈርድብሽም። አመስግኚው፤ ግን ውለታውን ዕድሜ ልክሽን በምሽትሽ አትከፍዪም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት ቢበዛ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓትም ቢሆን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም፤ ክፍያም አለው። (የሥራ መሪ ከሆንሽ አዋጁ አይመለከትሽም።) ይህን የምነግርሽ ክስ እንድትከፍቺ ብዬ አይደለም። ልታነጋግሪው ስትገቢ ምጽዋት የምትለምኚ እንዳይመስልሽ ነው።

ሁሉንም ባንዴ ለመለወጥ አትነሺ። ከስልኩ ጀምሪ። ግሩፑ ላይ ማስታወቂያ አትለጥፊ፤ ሰው ፊት የተባለ ነገር ግብግብ ይሆናል። ወረፋው ቀለል ያለ ሰዓት ጠብቀሽ ቢሮው ግቢና እንዲህ በይው፦ «ከ2 ሰዓት በኋላ ከልጆቼ ጋር ነኝ። ግሩፑ ላይ የሚጻፈውን ጠዋት እንደገባሁ አየዋለሁ። ካሽ ከጎደለ ወይም እስከ ነገ የማያድር ነገር ካለ ግን ይደውሉልኝ፣ አነሳለሁ።» በቃ። ረጅም ማብራሪያ አትጨምሪበት፤ ማብራሪያ ሲበዛ ድርድር ይከፈታል። ከዚያ ግሩፑን ሚዩት አድርጊው።

መጀመሪያ ላይ ቅር ይለዋል፤ «ምነው ጠፋሽ» ብሎም ይቀልድብሽ ይሆናል። አንቺንም ጥፋት የሠራሽ ያህል ይሰማሽና እጅሽ ወደ ስልኩ ይሄዳል። ይህ ጊዜ ያልፋል፤ በመሃል ግን አትላሽቂ። አንድ ቀን መልሰሽ ሌላ ቀን ዝም ካልሽ፣ ደጋግሞ መሞከር ያዋጣል ብሎ ይማራል።

በሥራ ሰዓት ደግሞ ሥራ ላይ ሥራ ሲደርብብሽ ወዲያው «እሺ» አትበዪ፤ «ይኼንን ልሥራ ወይስ የጠዋቱን ልጨርስ? የቱ ይቅደም?» በይው። ይቺ ጥያቄ ከ«አልችልም» ይልቅ ትቀልሻለች፤ ቅደም ተከተል ማውጣት ደግሞ የእሱ ሥራ ነው።

ሰኔ ሲመጣ ይህ ሁሉ ላይሠራ ይችላል። ሰኔ ሂሳብ የሚዘጋበት፣ የተቀማጭ ታርጌት የሚታይበት ሰሞን መሆኑን አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ። ለባለቤትሽ አስቀድመሽ «ሰኔን ቻለኝ» በይው። ሳይነገረው ከሚያመሽበት ሰው ይልቅ፣ ተነግሮት የሚያመሽበትን መታገስ ይቀለዋል።

የባለቤትሽን ወገን አልሰማሁም። ቃሉ ከባድ ነው፤ ግን ናፍቆትም አለበት ብዬ እገምታለሁ። «ከዛሬ ጀምሮ እለወጣለሁ» የሚል ትልቅ ቃል አትግቢለት። ኩርፊያውን ለመስበር አንድ የተቆረጠ ነገር ጠይቂው፤ ለምሳሌ በሳምንት ሁለት ቀን የልጆቹን የቤት ሥራ እሱ እንዲይዝ።

የዓመት ፈቃድሽስ? ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት እንኳ ሕጉ 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ብዙ ሰው ግን ያጠራቅመዋል። ውሰጂው። ስትመለሺ ስሜቱ ካገረሸብሽ ከመልቀቂያው በፊት ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ዝውውር ጠይቂ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ፣ ወይም መኖር ካስጠላሽ ግን ፈቃዱንም ዝውውሩንም አትጠብቂ፤ በአቅራቢያሽ ወዳለ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል ዛሬውኑ ሂጂ።