ድምጼ ባክኖ አይቀርም ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የምትደግፊው ፓርቲ ትንሽ ነው፣ ለአካባቢ ምክር ቤት ሊወዳደር ነው፣ «ድምጼ ባክኖ አይቀርም ወይ? ልርዳቸው ብልስ ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። እኔ ከአንድ ትንሽ ፓርቲ ጋር በሦስት የአካባቢ ምርጫዎች ሠርቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ።

«ይባክናል» የሚሉሽ ሰዎች ዝም ብለው አይደለም። ብዙ ድምጽ ያገኘው ብቻ ወንበሩን በሚወስድበት ሥርዓት ትንንሾቹ ይጎዳሉ። ፈረንሳዊው ምሁር ሞሪስ ዱቨርዤ በ1950ዎቹ ያስረዳው ይህንን ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። መራጩ የሚወደውን ትቶ ያሸንፋል ብሎ ወደሚገምተው ይሄዳል፤ በመጨረሻ ሁለት ትልልቅ ፓርቲዎች ይቀራሉ። በተመጣጣኝ ውክልና፣ ማለትም ወንበሩ ፓርቲዎች ባገኙት ድምጽ መጠን በሚከፋፈልበት ሥርዓት፣ ግን ሌላ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ከ150 የፓርላማ ወንበሮች የአንዱን ድርሻ የሚያህል ድምጽ ያገኘ ፓርቲ ይገባል። ስለዚህ የእናንተ ምርጫ ድምጹ እንዴት እንደሚቆጠር መጀመሪያ እወቂ። ይህን ሳያውቅ ለቅስቀሳ የሚወጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ በጣም ያናድደኛል።

የአካባቢ ምርጫ ላይ ደግሞ ሒሳቡ ይለወጣል። መራጩ ጥቂት ነው፣ በዕለቱ የሚወጣው ከዚያም ያንሳል። አሜሪካዊው ፖለቲከኛ በርኒ ሳንደርስ በ1981 በግሉ ተወዳድሮ የበርሊንግተን ከተማ ከንቲባ የሆነው በ10 ድምጽ ብልጫ ነው። አሥር! በ2017 በአሜሪካዋ የቨርጂኒያ ግዛት ውስጥ ለግዛቱ ምክር ቤት ሲወዳደሩ ሁለት ዕጩዎች እኩል 11,608 ድምጽ አገኙ፤ አሸናፊው በዕጣ ተለየ። የምክር ቤቱ አብላጫ በማን እጅ እንደሚሆን የተንጠለጠለውም እዚያች ዕጣ ላይ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ጥፋት ልምጣ። በመጀመሪያው ምርጫ ትልቅ ለመምሰል ስንል በሁሉም የምርጫ ክልል ዕጩ አቀረብን። ሠላሳ የማንሞላ በጎ ፈቃደኞች ተበታተንን፣ በሁሉም ቦታ መጨረሻ ወጣን። እኔ በየበሩ እየዞርኩ ስለ ፓርቲው ፕሮግራም ረጅም ንግግር አደርግ ነበር። አንዲት እናት ሳያቋርጡኝ ሰሙኝና «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ መልካም ነው፤ ደጃፌ ላይ ለሚተኛው ውኃስ ምን ታደርጉልኛላችሁ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ቦዩ ከተደፈነ ሁለት ዓመት እንዳለፈው እንኳ አላውቅም ነበር። በራሪ ወረቀቴን ሰጥቼ ሄድኩ፤ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

በሁለተኛው ምርጫ አንድ የምርጫ ክልል ብቻ መረጥን። ዕጩዋ ከምርጫው አንድ ዓመት በፊት ጀምራ ለሕዝብ ክፍት የሆነውን የምክር ቤት ስብሰባ ሁሉ ተከታተለች፤ ስለዚያ ቦይ በየጊዜው ጠየቀች፣ የተሰጣትን መልስ ለሰፈሩ ሰው መልሳ ነገረች። እኛም ደብተር ያዝን። የትኛው ቤት ይደግፈናል፣ የትኛው ያመነታል፣ ምን ቅሬታ አለው፣ መቼ ተመልሰን እንሂድ። ለካ ሥራው ይኼ ኖሯል! በ41 ድምጽ ተሸነፍን። ሌሊቱን አለቀስን፣ በሳምንቱ ግን ዕጩዋ ስብሰባዋ ላይ ነበረች። በሦስተኛው ያንን ወንበር አገኘን። አንድ ወንበር ብቻዋን ምንም አታስወስንም ይሉሻል፤ ግን በር ተዘግቶ ይወሰን የነበረው ነገር በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ማድረግ ችላለች። ቦዩም ተጠርጓል።

አረንጓዴዎች የሚባለው የጀርመን የአካባቢ ጥበቃ ፓርቲም ከታች ነው የመጣው። በ1983 በ5.6 በመቶ ድምጽ ፌዴራል ፓርላማ ከመግባቱ በፊት፣ በ1979 የብሬመን ግዛት ምክር ቤት የገባ የአረንጓዴዎች የዕጩዎች ዝርዝር ነበር።

ሁለት ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። የድጋፍ ፊርማ የሚጠየቅ ከሆነ ከተባለው በጣም አስበልጣችሁ ሰብስቡ። ሁለቴ የፈረመ አለ፣ ከምርጫ ክልሉ ውጭ የሚኖር አለ፣ ያልተመዘገበ አለ፤ እኛ ዕጩአችንን በዚሁ ልናጣ ለጥቂት ነው የተረፍነው። ሌላው፣ በምርጫ ጣቢያ የምታስቀምጡት ወኪል ቆጠራው ሳያልቅ እንዳይነሳ። ውኃና ምሳ ይዛችሁለት ሂዱ፣ ተተኪም አዘጋጁለት። ውጤቱን በእጁ ጽፎ ይውጣ፤ ሕጋችሁ የሚፈቅድ ከሆነ የተፈረመውን ቅጂም ይቀበል።

አንቺ ከየት ትጀምሪ? በዚህ ሳምንት ቢሯቸው ሂጂና የቤት ለቤቱን ደብተር ማን እንደሚይዝ ጠይቂ። ያዥ ከሌለው አንቺ ያዢው። ከሁሉም በፊት ግን ስምሽ የመራጮች መዝገብ ላይ መኖሩን አረጋግጪ፤ በመጀመሪያው ምርጫ ከእኛ ጋር ሲዞሩ ከነበሩት ሁለቱ ሳይመዘገቡ ቀርተው ነበር።